ነገረ ወልቂጤ ከተማ፤ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ዜና መዋዕል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ አውራ ጎዳና 158 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሚደርስባት ወልቂጤ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት የአውራጃ ከተማነት ማዕርግ እንኳ ያልነበራት፣ የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ገዥ በወሊሶ ተቀምጦ ሲያስተዳድር እርሷ የመንገድ ዳር ገበያዋን እየጠበቀች የኖረች፣ በኋላ ግን የጉራጌ ዞን መቀመጫ ለመሆን የበቃች ከተማ ስትሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ስሟ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ስም ጋር በአንድ የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ተጽፎ ተነበበ። ይህን ክብር ያመጣላት ወልቂጤ ከተማ የተባለው እግር ኳስ ክለብ ነው። ደጋፊው «ሠራተኞቹ» እያለ የሚጠራው ይህ ክለብ በአገሪቱ ዋና ሊግ የቆየው አምስት የውድድር ዘመን ብቻ ሲሆን፣ አወጣጡም ከሌሎቹ ወራጆች አወራረድ የተለየ ነበረ፤ ይኸውም ተጋጣሚ በሜዳ ላይ አሸንፎ ሳያወርደው በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ መውረዱ ነው። አምስት ዓመት ለአንድ ተቋም ታሪክ አጭር ዕድሜ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የኢትዮጵያ የከተማ ክለቦች ጠባይ በሌላ ስፍራ በሃያ ዓመት የማይገለጠውን ያህል በዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ፣ ከሥሩ ጀምሮ ማየት የሚያዋጣ ይመስለኛል።

በጉራጌ ምድር የሜዳ ታሪክ ከኳስ ታሪክ ይቀድማል። ጀፎረ የተባለውን የመንደር አደባባይ ያላየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ አይረዳውም፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ደጃፋቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይቆማሉ፣ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ይወርዳል፣ መካከሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ሣር ለብሶ እንደ ሰፊ ጎዳና ተዘርግቶ ይታያል። ይህን ሣር በሬ ጠምዶ የሚያርሰው፣ አጥሩንም ገፍቶ አንድ ክንድ መሬት የሚጨምርበት ሰው የለም፤ ቢገኝም በአገር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ በባህላዊው ሥርዓት ይቀጣል። ሙሽራ የሚታጀብበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ዳኝነት የሚታይበት፣ ከብት የሚውልበት ይኸው አንድ ሜዳ ነው። የመንደሩም ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው በገመድ ያሰሩትን ኳስ ሲያራግጡ የሚውሉበት እርሱ ሲሆን፣ ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ ዳኛውም ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ከጨዋታው ሕግጋት ሁሉ የሚከብደው ግን ኳሱ አጥር ዘልሎ እንሰት ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ማን ገብቶ ያውጣው የሚለው ነው፤ የእንሰቱን ቅጠል የቀደደ ልጅ ከባለቤቲቱ አፍ የሚወርድበትን ስድብ ከማንኛውም ቅጣት ይልቅ ይፈራዋልና። የጀፎረው ዋና ነገር ግን ይህ ነው፦ የአንድም ሰው ርስት አይደለም፣ ባለቤት የሌለው ሜዳም አይደለም። ሁሉ ይጠብቀዋል፣ ሁሉም ያዝበታል። ስለ ክለቡ የምለው ሁሉ ወደዚህ ነጥብ የሚመለስ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ።

ዘመናዊው እግር ኳስ በአገራችን በማኅበር ሲደራጅ መጀመሪያ የተነሣው በአዲስ አበባ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከእርሱ ጋር የተሰለፉት የአርመኖች፣ የጣሊያኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድኖች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱም የአንድ ማኅበረሰብ ልጅ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱና ፋብሪካው በየፊናው ቡድን አቋቋመ። በደርግ ዘመንም ክለቦች በመሥሪያ ቤትና በክፍለ ሀገር እንዲደራጁ በተደረገ ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ የቢራ ፋብሪካ ስም ለብሶ እስከ መጫወት ደረሰ። የዛሬው ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በስማቸው መጨረሻ «ከተማ» የሚል ቃል የያዙ ክለቦች ከየክልሉ እየበዙ መጡ፤ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ እያልን ብንቆጥር ረጅም ዝርዝር ይወጣናል። የእነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው፦ በጀታቸው ከከተማው ወይም ከዞኑ አስተዳደር ካዝና ይወጣል፣ የቦርድ ሰብሳቢያቸው በአብዛኛው የመንግሥት ሹም ነው፣ ሹሙ በተለወጠ ቁጥርም የክለቡ አመራር አብሮ ይለወጣል። ወልቂጤ ከተማ የተወለደው ከዚህ ወገን ነው፤ ጎረቤቱ ቡታጅራ ከተማም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። የጉራጌ ሕዝብ የጋራ ሥራውን ከመንግሥት ካዝና ብቻ ጠብቆ የሚኖር ሕዝብ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ ክስታኔ የተባሉት ጉራጌዎችና የአካባቢው ተወላጆች ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚህ ሥራ ከተጠሩት መሪዎች መካከል የጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ስም በቀዳሚነት ይነሣል። የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆችም በበኩላቸው ለምዕራቡ የጉራጌ ክፍል ተመሳሳይ የመንገድ ማኅበር አቆሙ። የመርካቶ ነጋዴ እንደ ሀብቱ፣ ደመወዝተኛው ከደመወዙ፣ ጫማ የሚያሳምረው ልጅ ከዕለት ገቢው፣ በአገር ቤት ያለው ገበሬም በየአባወራው እያዋጣ፣ መንግሥትም በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በኩል የበኩሉን እየጨመረ መንገዱ ተሠራ። ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትርና ያቀረቡት ጥናት በዚሁ በዓለም ገናው ማኅበር ላይ የተመሠረተ ነበረ፤ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ሊያጠናው የሚገባ ሥራ ነውና። እንግዲህ መንገድ በመዋጮ የሠራ ሕዝብ፣ ሜዳውን በጀፎረ ሥርዓት የሚጠብቅ ሕዝብ፣ እቁብና እድር ሲያደራጅ ከማንም የማይተናነስ ሕዝብ፣ የእግር ኳስ ክለቡን ለምን በማዘጋጃ ቤት በጀት ላይ ብቻ ተወው? መልሱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ወልቂጤ ከተማ በታችኞቹ ሊጎች ብዙ ከደከመ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የ2012 የውድድር ዘመን ግን የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶበት ሳይፈጸም ተሰረዘ፤ ዋንጫ ያነሣ አልነበረም፣ የወረደም አልነበረም። ክለቡ በገዛ ከተማው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ተጋጣሚዎቹን ያስተናገደበት ዘመን ይኸው ሳይጨርስ የተቋረጠው ዘመን ብቻ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ውድድሩን የተረከበው የፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ለዲኤስቲቪ የስርጭት መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላ፣ አንድም ስለ ወረርሽኙ፣ አንድም ስለ ቴሌቪዥኑ ሲባል፣ ጨዋታዎቹ ሁሉ በተመረጡ ጥቂት ስታዲየሞች በዙር እንዲካሄዱ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ወልቂጤ ከዚያ ወዲህ የራሷን ክለብ የምታየው በቡና ቤት ቴሌቪዥን ነበረ።

ይህን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያየው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ለክለቡ መጎሳቆል ዋና ምክንያት አድርጌ ነው የማየው። የከተማ ክለብ ደጋፊ ትኬት ቆርጦ፣ መለያ ለብሶ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኾ ወደ ቤቱ ሲመለስ ክለቡ የእኔ ነው ይላል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ የተቀመጠበት ነገር በዋዛ አይረሳውምና። ጨዋታው 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ከተማ ሲካሄድ ግን የበር ገቢው ይቀራል፣ በአንጻሩ የሆቴሉና የጉዞው ወጪ ለወራት ይቆጠራል፣ ባለቤትነቱም ቀስ በቀስ ከሰው ልብ ይወጣል። ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ክለቦች ይህን ጉዳት የሚያክሙበት የደጋፊ ማኅበርና የንግድ ስፖንሰር ነበራቸው። ወልቂጤ የነበረው የበጀት ደብዳቤ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ስላልተሰለፉ ሊጉ በ13 ክለቦች ብቻ ተካሄደ። ወልቂጤም በመጨረሻዎቹ ሦስት ደረጃዎች ውስጥ ወደቀ። በሌላ ዓመት ቢሆን መውረዱ የማይቀር ነበረ፤ በዚያ ዓመት ግን ባዶ የቀሩትን ሦስት ቦታዎች ለመሙላት ሲባል አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ከተማ ከከፍተኛ ሊጉ ሀምበሪቾ ዱራሜ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሀዋሳ ተጋጥመው እንዲለዩ ተወሰነ። ሦስቱም ነባሮች ቦታቸውን ይዘው ቀሩ። ክለቡ ከሞት አፋፍ ተርፎ መጣ ማለት ነው።

ከሞት የተረፈ ሰው ገንዘብ አያስቀምጥም ይመስል፣ በ2014 ዓ.ም. ወልቂጤ ያደረገው ነገር ሁሉን አስገረመ። ኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ2015 በኢኳቶሪያል ጊኒ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ ግቡን የጠበቀላትን፣ በፍጻሜው ዕለት ግን ተጎድቶ ለቡባካር ባሪ ቦታውን የለቀቀውን፣ በኋላም በቲፒ ማዜምቤ መለያ የታወቀውን ግብ ጠባቂ ሲልቫን ግቦሆን አስፈረመ። ከቅዱስ ጊዮርጊስም የብሔራዊ ቡድኑን አምበል ጌታነህ ከበደን አመጣ። የጅማ መንገድ አውቶቡስ ቆሞ ሻይ የሚጠጣባት ከተማ በአንድ ክረምት ውስጥ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ሰውና የአገር አምበል በአንድ መለበሻ ክፍል አስቀመጠች። ነገሩን ስንመረምረው ግን ሁለቱ ሰዎች ለክለቡ ያስገኙት ነገር ተለያየ። ግቦሆ ከካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ጥቂት ቀደም ብሎ ከአበረታች መድኃኒት ምርመራ ጋር በተያያዘ ከፊፋ እገዳ ስለ ደረሰበት ከሀገሩ ቡድን ዝርዝር ተሰረዘ፤ በዓለም ጋዜጦች ላይም የወልቂጤ ስም ከመቼውም ይልቅ በሰፊው የተጻፈው በዚህ አሳዛኝ ዜና ውስጥ መሆኑ ያስቆጫል። ጌታነህ ግን ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በባፉሳም ከተማ ዋልያዎቹ ከቡርኪናፋሶ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ የፍጹም ቅጣት ምቱን ወደ ግብነት ለወጠ። በዚያ የአፍሪካ መድረክ በስሙ አጠገብ የተጻፈው ክለብ ወልቂጤ ከተማ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የገንዘብ ታሪክ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው የአንድ ተጫዋች ወርኀዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣራ አበጅተው ነበረ። እንዲህ ያለ ጣራ በወረቀት ላይ መቆሙ ምን ያህል እንደ ተከበረ የእግር ኳሱ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ ላይ አላተኩርበትም። ለአንድ መካከለኛ ከተማ አስተዳደር ግን ጣራው ራሱ ከባድ ነው፤ ሃያ አምስት ተጫዋች በዚያ መጠን ቢቀጠር የዓመቱ ደመወዝ ብቻ 15 ሚሊዮን ብር ይሆናልና። ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ካዝና ደግሞ የውኃ ቧንቧውን፣ የመምህሩን ደመወዝና የውስጥ ለውስጥ መንገዱን የሚከፍለው ካዝና ነው። የዞኑ ሕዝብ ራሱን የቻለ ክልል ይሰጠን ሲል በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሱቅ ዘግቶ ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ፣ በቀጣዩም ዓመት የወልቂጤ ነዋሪ ስለ መጠጥ ውኃ ጉዳይ አደባባይ በወጣበትና ደም በፈሰሰበት ጊዜ፣ ለእግር ኳስ ተጫዋች ደመወዝ ቅድሚያ ይሰጠው ብሎ የሚከራከር ሹም ቢኖር ኖሮ እኔ ራሴ አልደግፈውም ነበረ። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ሹም ወይም በአንድ አሰልጣኝ ላይ መጣሉ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ደመወዝ የዘገየበት ተጫዋች ልምምድ ሲያቆም፣ ጉዳዩም ወደ ፌዴሬሽኑ በክስ ሲቀርብ የኖረው በብዙ ክለቦች ዘንድ ነው፤ የከተማ ክለቦች ሁሉ በሽታ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የቀድሞው ጉራጌ ዞን ለሁለት ተከፈለና ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። አንዱን ክለብ ይደግፍ የነበረው ዞንም ሀብቱም ተከፈለ። ወልቂጤ የ2016 የውድድር ዘመንን ከወራጆቹ በላይ ሆኖ ጨረሰ፤ የወረዱት ሀምበሪቾና ሻሸመኔ ከተማ ነበሩ። የ2017 ሲከፈት ግን የክለብ ፈቃድ መስፈርቱን ባለማሟላቱ ከሊጉ ውጭ ሆነ። ይህ ፈቃድ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የወረደ ሥርዓት ሲሆን ክለቡን በአምስት ወገን ይጠይቀዋል፦ በስፖርቱ በኩል የታዳጊ ቡድን አለህ ወይ፣ በመሠረተ ልማት ሜዳህ ምን ይመስላል፣ በአስተዳደር በኩል ቋሚ ሠራተኛ አለህ ወይ፣ በሕግ በኩል ባለቤትህ ማን ነው፣ በገንዘብ በኩል ደግሞ ሒሳብህ ተመርምሯል ወይ፣ ዕዳህስ ተከፍሏል ወይ ይላል። ሌሎቹን ለጊዜው ትቼ በአራተኛው ጥያቄ ላይ እቆማለሁ፤ ባለቤቱ ማን ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ በስተምዕራብ በኩል ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የሚበዙበት በመሆኑ ለስደተኛው ወገናችን እንግዳ አይደለም። የዚህ ሰፈር ክለብ የሚጫወተው በሞላላ ኳስ፣ በየቡድኑ 18 ተጫዋች አሰልፎ፣ ሞላላ በሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚካሄደውን የአውስትራሊያን እግር ኳስ ነው። በዚያ ከተማ ኮሊንግዉድ፣ ካርልተን፣ ሪችመንድ የሚባሉት ታላላቅ ክለቦች ሁሉ የሰፈር ስም የያዙ ሲሆኑ፣ አባል የሚሆነው ሰው በዓመት የሚከፍለው መዋጮ በምርጫ ድምፅ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ፉትስክሬይ በዕዳ ተይዞ ከጎረቤቱ ከፊትዝሮይ ጋር እንዲዋሐድ በሊጉ በተወሰነበት ጊዜ፣ ደጋፊዎቹ በፍርድ ቤት ከስሰው፣ በየበሩ እያንኳኩ፣ በመንገድ ዳር ቆርቆሮ እያንኮሻኮሹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዕዳውን የሚያቃልል ገንዘብ ሰበሰቡና ክለባቸውን አስቀሩ። ፊትዝሮይ ግን እንዲህ ያለ ኃይል አጥቶ በ1996 ስሙን ከብሪዝበን ጋር አጣምሮ ከሜልቦርን ወጣ። ፉትስክሬይ በ1954 አንሥቶት የነበረውን ዋንጫ በድጋሚ ያነሣው ምዕራባዊ ቡልዶግስ በሚለው ስሙ በ2016 ነው። 27 ዓመት ቀደም ብሎ ቆርቆሮ ያንኮሻኮሹት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ።

ይህን የማመጣው የውጭ ሰው ከእኛ ይበልጣል ለማለት አይደለም። የዓለም ገናው ማኅበር ያደረገው ከዚህ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም፤ አንድ የሰፈር ክለብ ከማዳን ይልቅ ከአዲስ አበባ እስከ ወላይታ ተራራና ወንዝ አቋርጦ መንገድ ማውጣት ይከብዳልና። ልዩነቱ ይህ ነው፦ መንገዱን የሠራ ሰው ስሙ በመዝገብ ተጽፎ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ ጉባኤ ተጠርቶ ሒሳቡ ሲነበብ የሚሰማ አባል ነበረ። ለወልቂጤ ከተማ የጮኸ ደጋፊ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልተከፈተለትም። ስለ ክለቡ ዕጣ የሚወሰነው እርሱ በሌለበት ስብሰባ ነው፤ ክለቡ ሲፈርስም ሆነ ሲነሣ የሚሰማው ከሬዲዮ ነው። ቀደም ሲል ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ ክለቡን ለማዘጋጃ ቤቱ አልተወውም፣ የእርሱ እንዲሆን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም እንጂ። የመርካቶው ነጋዴ በመስቀል አገሩ ሲገባ፣ ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት መዋጮ የሚጠይቀው ኮሚቴ ቀለም መዝገቡን ይዞ በየቤቱ ይዞራል፤ የክለቡ መዝገብ ግን በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

ቡታጅራ ከተማ እስከ ዛሬ በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ አያውቅም፤ በከፍተኛ ሊግ የተጫወተባቸው ዓመታት ግን አሉ። ከተማዋ ግን በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ በዚያው በመዋጮ በተሠራው መንገድ ላይ ተቀምጣ፣ የአዲስ ዞን መቀመጫ ሆና፣ በየጊዜው የሕዝብ ቁጥሯም ንግዷም እያደገ ነው። ክለቧ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ላይ ቢወጣ ያው ለወልቂጤ የቀረበው ቅጽ ይቀርብለታል፤ በአራተኛው ጥያቄ ሥር ባለው ባዶ መስመር ላይም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን አስተዳደር ወይም የቡታጅራ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተብሎ እንደሚጻፍ ዛሬም ያለ ጥርጥር መናገር ይቻላል።